የማይሸት ካልሲና የዘርትሁን ጌሾ

ተረት ላምጣ ወይስ ደብዳቤ? ተረቱን አምጪ ካላችሁ እሺ፤ ደብዳቤውማ አለቃው ካልፈረመበት አይመጣም።

ሰንበሌጥ ሜዳ በምትባል መንደር ዘርትሁን የምትባል ሴት ነበረች፤ ጎረቤቴ ናት። ጌሾ ታበቅላለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ታወጣለች፤ ልጆቿን ያሳደገችው በዚያ ነው። ያረጁት የጌሾ ዛፎቿ የፋብሪካው መንገድ ሲሰፋ ተመነጠሩ። "ልማት ነው" አሏት። እሷም እልል ብላ ተቀበለች፤ ምን ምርጫ አላት? ከተመነጠሩት ላይ ዘር ለቅማ፣ በፕላስቲክ አፍልታ፣ ዓመት ከሁለት ወር ስትንከባከብ ቆይታ ሦስት መቶ ችግኝ አደረሰች። የቀራት መሬት አንድ ብቻ ነው። እሱም ከቦዩ ዳር፣ ከፋብሪካው በታች ነው።

ፋብሪካው ምን እንደሚሠራ ታውቃላችሁ? የማይሸት ካልሲ! የዚህ አገር ጭንቀት ሁሉ አልቆ የእግር ሽታ ብቻ ቀረና፣ ካልሲውን ብር ውስጥ ይነክሩታል። ገንዘቡን ብር አላልኩም፤ የጌጡን፣ አምባርና መስቀል የሚሠራበትን። አንድ ፀጉር ሺህ ቦታ ቢሰነጠቅ አንዷን ስንጣቂ እስኪያህል ድረስ አድቅቀውታል። ናኖ ይሉታል። ሽታ የሚያመጣውን ጀርም ይገድላል አሉ፤ ይግደል፣ ደግ አደረገ። ከዚያ ካልሲው ይለቀለቃል፤ የተለቀለቀበት ውሃ ቦይ ይገባል፤ ቦዩ ደግሞ የዘርትሁን መሬት ይገባል።

ዘርትሁን ይህን የሰማችው ፋብሪካው ውስጥ ከምትሠራ የእህቷ ልጅ ነው። "ጀርም የሚገድል ነገር የኔን መሬት ጀርም እንደምን አደርሽ ብሎ ሊያልፋት ነው እንዴ?" አለችኝ። "ፍጉን የሚያብላላልኝ ማን ሆነና?" ሽንኩርት ቢሆን በሦስት ወር ይነቀላል፤ ክፉ ነገር ቢመጣ በሚቀጥለው ይተዋል። ጌሾ ግን አንዴ ከተተከለ አሥር፣ አሥራ አምስት ዓመት መሬት ይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ ዘርትሁን አንዲት ትንሽ ነገር ፈለገች። የዛሬ አምስት ዓመት ከዚያ ብር ስንቱ መሬቷ ውስጥ እንደሚገኝ የሚነግራት ሰው። አንዲት ቁጥር፣ በቃ።

መጋቢት ላይ ተነስታ ከተማ ወረደች። እዚያ ዶክተር ፍሬስብሐት የሚባል የተማረ ሰው አለ፤ ወደፊት የሚመጣውን ብክለት በኮምፒውተር ይተነብያል።

"ዶክተር፣ ይህ ብር ወደፊት ስንት ይደርስብኛል?" አለችው።

"በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው እናቴ" አላት። የተማረ ሰው ጥሩ ጥያቄ ነው ሲል መልስ የለኝም ማለቱ ነው። "ሞዴል ሠርቻለሁ። ስንት ተመረተ፣ ስንት ታጠበ፣ ስንቱ ውሃ ገባ፣ ስንቱ ደለል ውስጥ ቀረ፣ ሁሉንም ያሰላል። ውጭ አገር ሦስት ጊዜ አቅርቤው ተጨብጭቦልኛል።"

"ታዲያ ስንት ይላል?"

"እስካሁን ባዶ ነው። ቁጥር ካላጎረሱት ቁጥር አይወጣውም። ላቦራቶሪው የቦዩን ውሃ ይለካልኝ። እሱ ሳይለካ አልተነብይም። ደግሞ አይቸኩሉ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።"

እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ የጌሾው ሥር ፕላስቲኩ ውስጥ ይታጠፋል፤ ይህን ግን ሞዴሉ አያውቅም። እንግዲህ ያዙልኝ። ላቦራቶሪው ካልለካ ዶክተሩ አይተነብይም፤ ዶክተሩ ካልተነበየ ዘርትሁን አትተክልም፤ ዘርትሁን ካልተከለች ጌሾው ይደርቃል።

ዘርትሁን የቦዩን ውሃ በሃይላንድ ቀድታ ላቦራቶሪ ሄደች። ወይዘሪት አደይ የምትባል ነጭ ጋዋን የለበሰች ልጅ ተቀበለቻት።

"ደብዳቤዎስ?"

"ውሃው ይኸውልሽ ልጄ።"

"ውሃውንማ አየሁት። ደብዳቤ የሌለው ውሃ ግን እኛ ዘንድ ውሃ አይባልም። ከአካባቢ ጥበቃ ቢሮ ሸኚ ደብዳቤ ያምጡ፣ ማኅተም ያለበት። ቢሮው ካልጻፈ አልለካም።"

ማሽኑ ከጀርባዋ ተቀምጧል፤ ጨርቅ ለብሷል፣ አቧራ እንዳይነካው። ጨርቁ ከነማሽኑ የመጣ ነው፣ እስካሁንም አልተነሳም። ምን ይደረግ! ቢሮው ካልጻፈ ላቦራቶሪው አይለካም፤ ላቦራቶሪው ካልለካ ዶክተሩ አይተነብይም፤ ዶክተሩ ካልተነበየ ዘርትሁን አትተክልም፤ ዘርትሁን ካልተከለች ጌሾው ይደርቃል።

ቢሮ ሄደች። የቢሮው ኃላፊ አቶ መንበሩ ሰኞ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ረቡዕ ስልጠና ላይ ነበሩ፤ ስልጠናው ባለጉዳይን በፈገግታ ስለማስተናገድ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ተገኙ፤ እውነትም ስልጠናው ሠርቷል፣ ጥርሳቸው በሙሉ ታየ።

"ደብዳቤማ ይጻፋል" አሉ እየሳቁ። "ግን ምን ይለካልኝ ብዬ ልጻፍ? ፋብሪካው ስንት ብር እንደሚጠቀም ይንገረኝ። እሱ ካልተናገረ አልጽፍም።"

"እርስዎ ፋብሪካውን መጠየቅ አይችሉም?"

"እንዴታ! እችላለሁ እንጂ።"

"ታዲያ ይጠይቁልኛ።"

"የሚጠየቀው በደብዳቤ ነው። ደብዳቤ ደግሞ ፋብሪካው ካልተናገረ አልጽፍም አልኩዎት እኮ።"

ዘርትሁን ቆማ ፈገግታቸውን አየችው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው አሉ። ፋብሪካው ካልተናገረ ቢሮው አይጽፍም፤ ቢሮው ካልጻፈ ላቦራቶሪው አይለካም፤ ላቦራቶሪው ካልለካ ዶክተሩ አይተነብይም፤ ዶክተሩ ካልተነበየ ዘርትሁን አትተክልም፤ ዘርትሁን ካልተከለች ጌሾው ይደርቃል። ይኼኔ ሚያዝያ ገብቷል፤ ችግኞቹም ከታች ቢጫ መሆን ጀምረዋል።

ፋብሪካ ሄደች። ሥራ አስኪያጁ አቶ ዮናታን በክብር ተቀበላት፤ ወንበር ሳበላት፣ አንድ ጥንድ ካልሲም አቀበላት።

"ስጦታ ነው እናቴ፣ የማይሸት!"

"ተባረክ ልጄ፣ እኔን ያስቸገረኝ እግሬ አይደለም። ካልሲውን ስንት ብር ውስጥ ነው የምትነክሩት?"

"እሱ የንግድ ምስጢር ነው።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እውነቱን ልንገርዎ፣ እኛም አናውቀውም። በጀሪካን ይመጣልናል፤ ለአንድ በርሜል ውሃ ሁለት ጀሪካን እንገለብጣለን። ውስጡ ስንት እንዳለ የሚያውቀው አስመጪው ነው። አስመጪው ካልተናገረ አልናገርም።"

"የማታውቁትን ነው የምትደፉብን?"

"ኧረ አይዞዎት! በጣም ትንሽ ነው።"

"ትንሽ ስንት ነው?"

"ትንሽ ነዋ!"

እዩልኝ እንግዲህ፣ ስንት እንደሆነ አያውቅም፤ ትንሽ መሆኑን ግን ያውቃል። አስመጪው ካልተናገረ ፋብሪካው አይናገርም፤ ፋብሪካው ካልተናገረ ቢሮው አይጽፍም፤ ቢሮው ካልጻፈ ላቦራቶሪው አይለካም፤ ላቦራቶሪው ካልለካ ዶክተሩ አይተነብይም፤ ዶክተሩ ካልተነበየ ዘርትሁን አትተክልም፤ ዘርትሁን ካልተከለች ጌሾው ይደርቃል።

አስመጪው አቶ ናሆም አዲስ አበባ ነው ያለው። ሥራ አስኪያጁ በሰጣት ቁጥር በእኔ ስልክ ደወልንለት። ስድስት ጊዜ አላነሳም፤ በሰባተኛው አነሳ።

"እናት፣ ምን ያስጨንቅዎታል? ጀሪካኑ ላይ ለአካባቢ ምንም ጉዳት የለውም ተብሎ ተጽፏል።"

"ማን ነው የጻፈው?"

"እኔ።"

"በምን አወቅህ?"

"ጉዳት አለው ብሎ የጻፈ የለማ! ካሉማ ደህና ባለሙያ ያምጡልኝ፤ ወደፊት ይህን ያህል ወጥቶ ይህን ያህል መሬት ይገባል ብሎ የሚተነብይ። እሱ ከተነበየ እናገራለሁ። ዶክተር ካልተነበየ ግን አልናገርም።" ስልኩን ጥርቅም አደረገው።

ዘርትሁን ስልኬን መለሰችልኝ። ከዚያ በጣቷ መቁጠር ጀመረች፤ እኔም አብሬያት ቆጠርኩ። ዶክተሩ ካልተነበየ አስመጪው አይናገርም፤ አስመጪው ካልተናገረ ፋብሪካው አይናገርም፤ ፋብሪካው ካልተናገረ ቢሮው አይጽፍም፤ ቢሮው ካልጻፈ ላቦራቶሪው አይለካም፤ ላቦራቶሪው ካልለካ ዶክተሩ አይተነብይም። ዶክተሩ ካልተነበየስ? አስመጪው አይናገርም። አስመጪው ካልተናገረስ? ተዉት፣ እስከ ነገ ብንዞር የምንደርሰው እዚያው ነው። የበራይ በሬ እንኳን ሲዞር ውሎ ማታ እህል ይወጣዋል።

ግንቦት ሆነ። ጠዋት ጠዋት የሞተውን ችግኝ ትለቅማለች። መጀመሪያ ሰባት፣ ከዚያ አሥራ ስድስት፣ አንድ ጠዋት ደግሞ ሠላሳ አንድ። የደረቀውን ከፕላስቲኩ ስታወጣው ሥሩ እንደ ክር ተጠቅልሎ ይወጣል። "መሄጃ ሲያጣ ራሱ ላይ ዞረ" አለችና ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። አሽሙረኛ ስለሆንኩ እንባ የለኝም መሰላችሁ?

ለምን ዝም ብላ አትተክልም ትሉኝ ይሆናል። ተክላ በአምስተኛው ዓመት መሬቱ ቢሞትስ? ያኔ ሌላ ዘር የለም፤ ሌላ መሬት የለም፤ እሷም አርጅታለች።

በማግስቱ አያ ልሳኑ ዘንድ ሄድን። አያ ልሳኑ የውሃ አባታችን ናቸው። የቦዩን አፍ በአፈርና በድንጋይ የሚዘጉትም የሚከፍቱትም እሳቸው ናቸው፤ ሰኞ የእገሌ፣ ማክሰኞ የእገሊት እያሉ ተራ ያስጠብቃሉ። የቦዩ ሕግ ደግሞ የቆየ ነው። ከቦዩ ውሃ ቀድቶ የሚነክር ሰው፣ ምን እንደነከረና ስንት እንደነከረ ቦዩ አፍ ላይ ቆሞ ይናገራል፤ ከታች ያለው እንዲያውቀው። ያልተናገረ ተራው ይታለፋል። ቃጫ የነከረ ይናገራል፤ ቆዳ የነከረ ይናገራል። የኔ አባት አንዴ ሁለት የበግ ቆዳ ደብቆ ነክሮ፣ ምስሩ ሲደርቅ አይቻለሁ።

ፋብሪካውም ከዚሁ ቦይ በተራው ይቀዳል፤ ሲመጣ ግን ማንም አልጠየቀውም። ሕጋችን ቃጫና ቆዳ ይላል፤ ካልሲ አይልም። አጥር ያለው፣ ዘበኛ ያለው፣ ሪባን የተቆረጠለት ነገር መቼም ተናግሮ ነው የገባው ብለን ሁላችን ተቀመጥን። አወይ ጅልነታችን!

"አያ ልሳኑ" አለች ዘርትሁን፤ "ካልሲ መንከር፣ መንከር ነው አይደል?"

አያ ልሳኑ አገጫቸውን አሹ። "ውሃ ውስጥ ከገባ፣ መንከር ነው።"

"ተናግረዋል?"

"አልተናገሩም።"

"ተራቸው መቼ ነው?"

"ሐሙስ" አሉና ተነስተው ዶማቸውን ፈለጉ።

ሐሙስ የቦዩ አፍ ሳይከፈት ዋለ። እኩለ ቀን ላይ አቶ ዮናታን በመኪና መጣ።

"ውሃችን የት አለ?"

"ውሃው አለ። ተራህ ታለፈ" አሉት አያ ልሳኑ።

"ፈቃድ አለኝ እኮ! ማኅተም ያለበት!"

"ጥሩ፣ ፈቃዱን ጭመቀው። ውሃ ከወጣው ውሰድ።"

"አባቴ፣ ሰባ ሠራተኛ ነው የቆመብኝ።"

"አንድ ቃል ተናገርና ሰባውም ይሥሩ። ምን ነከርክ? ስንት ነከርክ?"

"እሱ ምስጢር ነው አልኩ!"

"ምስጢር ከሆነ ቤትህ ንከረው። ቦይ ምስጢር አይዝም፤ ወራጅ ነው።"

ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ ለአቶ ዮናታን ግን አላዋጣውም። ሐሙስ ያልሞላ ገንዳ እስከሚቀጥለው ሐሙስ አይሞላም። ዓርብ ማሽኑ ቆመ። ቅዳሜ፣ ሳይለቀለቅ የተከመረው እርጥብ ካልሲ ይሸት ጀመር። አዎ፣ የማይሸተው! እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አፍንጫችንን ይዘን ነው ያለፍነው፤ እኔ ትንሽ ዘግየት ብዬ ነው ያለፍኩት፣ ደስ ብሎኝ።

ሰኞ ጠዋት አቶ ዮናታን ለአቶ ናሆም ደወለ። "ስንት እንዳለበት ካልነገርከኝ ከእንግዲህ አንድ ጀሪካን አልቀበልህም!" አለው። ምስጢሩ ለካ አንድ ስልክ ነበር የሚበቃው። አስመጪው ተናገረ። አስመጪው ቢናገር ፋብሪካው ተናገረ፤ ፋብሪካው ቢናገር ቢሮው ጻፈ፤ ቢሮው ቢጽፍ ላቦራቶሪው ለካ፤ ማሽኑም ጨርቁን አውልቆ ብርሃን አየ። ላቦራቶሪው ቢለካ ዶክተሩ ተነበየ። ሁለት ወር ተኩል የዞረው ነገር በሦስት ቀን አለቀ።

ሐሙስ ሁሉም ቦዩ አፍ ላይ ተሰበሰቡ። አቶ ዮናታን ቆሞ የነከረውን ተናገረ፤ እንደ ማንኛውም ቃጫ ነካሪ። ከዚያ ዶክተር ፍሬስብሐት ኮምፒውተሩን ጉልበቱ ላይ ከፈተ።

"ፋብሪካው እንዳለ ከቀጠለ፣ የዛሬ አምስት ዓመት እርስዎ መሬት ውስጥ በትንሹ አንድ የሻይ ማንኪያ ብር፣ በብዙው አንድ ጣሳ ይጠራቀማል።"

"ከማንኪያ እስከ ጣሳ?" አለች ዘርትሁን።

"ስለወደፊት ሲነገር ክፍተት አይጠፋም፤ አንዲት ቁጥር ብቻ ብሰጥዎ ዋሸሁ ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ምንም አይታይዎትም። ጣሳው ከሆነ ግን በአምስተኛው ዓመት አፈሩ ፍግ ማብላላት ሊያቅተው ይችላል። ፍሳሹ ኩሬ ውስጥ አርፎ አተላው ከተለየ፣ ከአሥር ዘጠኙ እጅ እዚያው ይቀራል።"

አቶ ዮናታን ሳቀ። "ማንኪያ! ሰማችሁ? ትንሽ ነው ብዬ አልነበር? ለማንኪያ ኩሬ አይቆፈርም።"

"ትንሽ ከሆነማ ጎሽ" አሉ አያ ልሳኑ። "እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ውሃህን ከፍሳሽ ቱቦህ በታች ትቀዳለህ። እዚያ እከፍትልሃለሁ።"

አቶ ዮናታን መሳቁን ተወ። "ከ… ከታች?"

"ከታች።"

"እሱ እንኳ አይሆንም። ያ ውሃ ጨርቃችንን ያበላሽብናል።"

ዘርትሁን ወደ ዶክተሩ ዞረች። "ይህንን ሞዴልህ ውስጥ አስገባልኝ። ካልሲ የሚያበላሽ ውሃ የኔ ጌሾ ላይ ሊለቀቅ ነበር።"

ዶክተሩ ጻፈ። አቶ መንበሩም ፈገግታቸውን አጥፈው ጻፉ። ኩሬው ካልተቆፈረ የቦዩ አፍ አይከፈትም ተባለ። የቦዩ አፍ ካልተከፈተ ገንዳው አይሞላም፤ ገንዳው ካልሞላ ማሽኑ አይዞርም፤ ማሽኑ ካልዞረ ካልሲው ይሸታል። ኩሬው በዘጠኝ ቀን ተቆፈረ፤ እንዴት ቁፋሮ ያውቃሉ እባካችሁ!

ዶክተሩ ፍሳሹ አርፎ ሲወርድ አስለክቶ እንደገና ተነበየና ወረቀቱን ራሱ ይዞላት መጣ። በብዙው የጣሳው አንድ አሥረኛ ቢደርስ ነው፤ መሬቷ ይኖራል። ዘርትሁን የፈለገችው ይኸው ነበር፤ አገኘችው። ሰኔ አሥራ ሁለት፣ ዝናቡ ሲጀምር፣ ጌሾዋን ተከለች።

የቢሮው ሰዎች ፎቶ ሊነሱ መጡ፤ ለሪፖርት። የመጣውን ሁሉ አሰልፈው ጥርሳቸውን አሳዩ። ዘርትሁን ጉድጓዶቹን መጋቢት ላይ ነበር የቆፈረችው፣ ሦስት መቶውንም። አንድ መቶ ስልሳ ሁለቱ ተተከለባቸው። የቀሩት መቶ ሠላሳ ስምንቱ አፋቸውን ከፍተው ዝናብ ይጠጣሉ።

"ዶክተር" አለች፣ እጇ ላይ ያለውን ጭቃ እየጠረገች። "ወረቀት ሲዞር ስንት ችግኝ እንደሚሞት የሚተነብይ ሞዴል አለህ?"

"የለኝም እናቴ" አለ ዶክተሩ፣ ፎቶው ላይ አልቆመም። ባዶዎቹን ጉድጓዶች አንድ በአንድ መቁጠር ጀመረ።

ተረቴን መልሱ፣ ጉሮሮዬን በጠላ አርሱ። ጠላው ካነሰ እኔን አትጠይቁ፤ የጎደለውን ጌሾ የሚያውቅ ቢሮ አለ።